ለልጆች ጥርስ የቱ ይሻላል? ብሩሽ፣ ሳሙና፣ ሰዓትና መክሰስ ሲነጻጸሩ

ስለ ልጆች ጥርስ የሚነሱት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕቃ ናቸው። የቱ ብሩሽ? የቱ ሳሙና? በባትሪ የሚሠራው ይሻላል? ፍሎራይድ ያለው ይሁን የሌለው? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመጣባቸዋለን። ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ማታ ማታ ብሩሹን የሚይዘው ማን ነው? እሱ ካልተስተካከለ ውዱ ብሩሽም ብዙ አያግዝም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምርጫዎች የምመዝናቸው በአንድ ነገር ነው፦ የማታውን ማጠብ ያቀላሉ ወይስ ያከብዳሉ?

«ለማንኛውም ይወልቅ የለ?»

ብዙ ወላጅ ስለ ወተት ጥርስ ልቡ ውስጥ ይህን ይላል። እውነት ነው፣ ይወልቃል። ግን መቼ? የመጀመሪያዋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ትበቅላለች። 3 ዓመት አካባቢ 20ዎቹም የወተት ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ። የፊቶቹ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይነቃነቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ምግብ ማኘክ ይጠበቅበታል። ልጁን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ኢንፌክሽኑ ወደ ሥሩ ከወረደ ደግሞ ከታች ተራውን የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ያለጊዜው ከተነቀለም ጎን ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ። ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣና ተጣሞ ይወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ ልጆች 514 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል። ይህ ሁሉ ልጅ ግድ የሌለው ወላጅ አለው ማለት አይደለም። መቦርቦር ሳያም፣ ሳይታይ፣ ቀስ ብሎ ስለሚጀምር ነው። «ያመኛል» የሚለው ቃል ሲመጣ በሽታው አብዛኛውን መንገድ ተጉዟል።

ብሩሹን ማን ይያዝ?

ሦስት አማራጭ አለ፦ ልጁ ብቻውን፣ ወላጅ ብቻውን፣ ወይም ሁለቱም በየተራ።

ልጁ ብቻውን ሲያጥብ ቤቱ ሰላም ነው። ለቅሶ የለም፣ ግብግብ የለም። ችግሩ ጽዳቱ ላይ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ብሩሹን ይነክሳል፣ ሳሙናውን ይመጥጣል፣ የፊት ጥርሶቹን ወደ ጎን ወደ ጎን ይፈትጋል፤ ከዚያ «ጨረስኩ!» ብሎ ይሮጣል። መንጋጋዎቹ ሳይነኩ ያድራሉ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ጣቶቹ ለዚህ ሥራ ገና አልደረሱም። የጥርስ ሐኪሞች እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ አዋቂ እንዲያጥብለት የሚመክሩት ለዚህ ነው። የጫማ ክሩን ራሱ አጥብቆ ማሰር የቻለ ልጅ ብሩሹንም መያዝ ይችላል የሚል መለኪያ አለ። እኔ እወደዋለሁ፤ ሁለቱም ሥራዎች ተመሳሳይ የጣት ቅልጥፍና ይጠይቃሉና።

ወላጅ ብቻውን ሲያጥብ ጥርሱ በደንብ ይጸዳል። ለሕፃን ሌላ አማራጭም የለም። ነገር ግን 2 ወይም 3 ዓመት የሞላው ልጅ «እኔ ራሴ!» የሚልበት ዕድሜ ላይ ነው። ብሩሹን ከእጁ ከነጠቅነው በየማታው ትግል ይነሳል። ልጁም ጥርስ ማጠብ የእናትና የአባት ጉዳይ ነው ብሎ ያድጋል።

ስለዚህ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። መጀመሪያ ልጁ እንደፈለገ ይቦርሽ፤ አይታረም፣ አይቸኮል። ከዚያ «አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው» ይባላል። ሁለት ብሩሽ ቢኖር ይበልጥ ይቀላል፤ አንዱን እሱ ይዞት ይቆያል፣ በሌላው እናንተ ትጨርሳላችሁ።

አቋቋሙም ለውጥ ያመጣል። ፊት ለፊት ቆሞ የልጅ መንጋጋ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው፤ ጉንጩና ምላሱ ይጋርዳሉ። ከኋላው ቁሙ። ጭንቅላቱን ሆዳችሁ ላይ ያስደግፍና ቀና ይበል። በአንድ እጃችሁ አገጩን ደገፍ አድርጋችሁ በዚያው እጅ ጣት ጉንጩን ገለል አድርጉ። አሁን የላይኛው መንጋጋ ሳይቀር ይታያችኋል። የብሩሹን ጸጉር ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፉና በትንንሹ እያዞራችሁ ሂዱ። በውጭ በኩል፣ በውስጥ በኩል፣ በመጨረሻ የሚያኝክበትን ገጽ። በአጠቃላይ 2 ደቂቃ ያህል ነው። ሕፃን ከሆነ ጭናችሁ ላይ አጋድሙት። የሚወራጭ ከሆነ ሁለት አዋቂዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይቀመጡና በመካከል ይተኛ፤ አንዱ እጁን ይያዝ፣ ሌላው ያጽዳ። መታጠቢያ ቤት ካልሆነ የሚል ሕግ የለም። ሶፋ ላይም ይሆናል።

6 ዓመት አካባቢ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ አራት ቋሚ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጡ ብዙ ወላጅ አያስተውላቸውም። ሲወጡ ከጎናቸው ካሉት ጥርሶች ለወራት ዝቅ ብለው ይቆያሉ። ብሩሹ እንደ ልማዱ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ ከላያቸው ያልፋል፣ ጸጉሩ አይነካቸውም። ብሩሹን ከጉንጩ በኩል አግድም አስገብታችሁ በተናጠል አጽዷቸው። እነዚህ ጥርሶች ምትክ የላቸውም።

የእጅ ብሩሽ ወይስ በባትሪ የሚሠራ?

ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱን አነጻጽሮ ነበር። ከ3 ወር በላይ ሲለካ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብሩሽ ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ፕላክ በ21 በመቶ፣ የድድ መቆጣትን ደግሞ በ11 በመቶ ይበልጥ ቀንሷል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ግን ቁጥሮቹ የሚናገሩት ስለ ፕላክና ስለ ድድ ነው፣ ስለ መቦርቦር አይደለም።

ስለዚህ የእጅ ብሩሽ የምትጠቀሙ ከሆነ የቀረባችሁ ነገር አለ ብላችሁ አትጨነቁ። ለሕፃን እንዲያውም የእጅ ብሩሽ እመርጣለሁ፤ ንዝረቱና ድምፁ ብዙ ሕፃናትን ያስደነግጣል። በባትሪ የሚሠራው በጣም የሚጠቅመው ጣቱን ማዘዝ ለሚያስቸግረው ልጅ፣ ጥርሱ ላይ ብረት ለታሰረለት ልጅና በራሱ ማጠብ ለጀመረ ልጅ ነው። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ የሚያሳውቅ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ማሽኑ ይሠራዋል» ብሎ ልጁን ለብቻው መተው ቀላል ነው። ማሽኑ ያለ አዋቂ እጅ መንጋጋ አያገኝም። ልጁም መፈተግ የለበትም፤ ጥርሱ ላይ ማሳረፍና ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ብቻ።

የትኛውንም ምረጡ፣ ጸጉሩ ለስላሳ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ይሁን። በየ3 ወሩ ይቀየር፤ ጸጉሩ ከዚያ በፊት ከተንጨባረረም ያኔውኑ። ቀለሙንና ሥዕሉን ልጁ ይምረጥ።

ፍሎራይድ ያለው ወይስ የሌለው?

እዚህ ላይ አላመነታም፤ ያለው።

አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ ኢናሜል ከሚባለው ጠንካራ የጥርስ ሽፋን ማዕድን ይሰርቃል። ምራቅ ደግሞ ማዕድኑን ይመልሳል። ፍሎራይድ መመለሱን ያፋጥናል፤ የተመለሰውም ክፍል አሲድን ይበልጥ የሚቋቋም ይሆናል። ፍሎራይድ የሌለው ሳሙናም በብሩሹ እንቅስቃሴ ያጸዳል፣ ይህን ጥገና ግን አያደርግም።

የወላጆች ስጋት «ልጄ ይውጠዋል» የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ጥርስ ከድድ በታች በሚፈጠርበት ዕድሜ ፍሎራይድ አብዝቶ የሚውጥ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሊወጣበት ይችላል፤ ሲበረታም ቡናማ ይሆናል። መፍትሔው ግን ሳሙናውን መቀየር ሳይሆን መጠኑን መቀነስ ነው። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ። ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል። ይህች ትንሽ መጠን ብትዋጥም አታሰጋም። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍነውን ሳሙና እርሱት። ሳሙናውን ብሩሹ ላይ የሚያደርገውም አዋቂ ይሁን፤ የጣፈጠው ልጅ ከቱቦው ይመጥጣልና ቱቦው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ሲገዙ ሥዕሉን ሳይሆን ጀርባውን ማንበብ ነው። ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) ከሚለው ጎን ቁጥር አለ። 1000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መቦርቦርን በመከላከል የተመሰከረለት ነው። «የልጆች» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ሳሙናዎች 500 ወይም ከዚያ በታች ይይዛሉ፤ ከነጭራሹ የሌላቸውም አሉ።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የምትጠጡት የከርሰ ምድር ውሃ ከዚህ በላይ እንዳለው የሚታወቅ ከሆነ የሳሙናውን ነገር ከጥርስ ሐኪም ጋር ተማከሩ።

ሃይድሮክሲአፓታይት (ኢናሜል ራሱ የተሠራበት ማዕድን) ያለበት ሳሙናም እየተለመደ ነው። ተስፋ ሰጪ ውጤቶች አሉት፤ ፍሎራይድ የያዘውን ያህል የረጅም ዘመን ማስረጃ ግን ገና የለውም። ከሰል ያለበትን ለልጅ አትግዙ፣ ኢናሜሉን ይፍቀዋል።

ልጁ «ያቃጥለኛል» ካለ እመኑት። ሚንት ለብዙ ሕፃን በእርግጥም ያቃጥላል። ለስለስ ያለ ጣዕም ያለውን፣ ፍሎራይዱ ግን በቂ የሆነውን ፈልጉለት። ሲጨርስ ደግሞ ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ። ከተጉመጠመጠ ጥርሱ ላይ መቆየት የነበረበት ፍሎራይድ ታጥቦ ይሄዳል።

ጠዋት ወይስ ማታ?

ሁለቱም። አንዱን ማጣት ግድ የሆነበት ቀን ቢመጣ ግን ማታው አይቅር። ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፤ ጥርስ ያለ ጠባቂው ያድራል ማለት ነው። ከማታው ማጠብ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ወደ አፍ አይግባ።

«ማታ» ማለት ግን «የመጨረሻው ደቂቃ» ማለት አይደለም። ዓይኑ እየተከደነ ያለ ልጅ አፉን አይከፍትም። እራት እንዳለቀ፣ ገና ጉልበትና ትዕግሥት እያለ ማጠቡ ይሻላል። ጨዋታውና ተረቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በዚህች ለውጥ ብቻ ግብግቡ የቀለለባቸው ብዙ ቤቶች አሉ።

ጠዋት ከቁርስ በፊት ወይስ በኋላ? በፊት ይቀላል። በኋላ ከሆነ፣ በተለይ ጁስ ወይም ጎምዛዛ ነገር ከነበረበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል፤ አሲድ ያለሰለሰውን ኢናሜል ወዲያው መፈተግ ይጎዳዋል።

ጣፋጭ ባንዴ ወይስ ትንሽ በትንሽ?

ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ደንብ «ብዙ አትብላ፣ አንዳንድ ብቻ» የሚል ነው። አንዷ ከረሜላ ጠዋት፣ አንዷ ከምሳ በኋላ፣ አንዷ ስታለቅስ፣ አንዷ እንግዳ ሲመጣ። ለጥርስ ይህ መጥፎው መንገድ ነው።

ስኳር በተበላ ቁጥር አፍ ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ወደ ነበረበት ለመመለስ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈልጋል። አምስት ከረሜላ ባንዴ የበላ ልጅ ጥርሱን አንድ ጊዜ አስጠቃ። አምስቱን ቀኑን ሙሉ ያከፋፈለው አምስት ጊዜ አስጠቃ፤ ምራቁም የጥገና ጊዜ አላገኘም።

ይህን ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ስዊድን ውስጥ፣ ሉንድ ከተማ አጠገብ በነበረው ቪፔሆልም የተባለ የሕክምና ተቋም የተካሄደው ነው። ጥናቱ የተሠራው የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው የተቋሙ ነዋሪዎች ላይ፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ነበር። የብዙዎቹ ጥርስ ተበላሽቷል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት አይፈቀድም፤ መፈቀድም አልነበረበትም። በእነሱ ሥቃይ የተገኘው እውቀት ግን ይኸው ነው፦ ከምግብ ጋር የተወሰደ ስኳር ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ በምግብ መካከል የተበላው ተጣባቂ ከረሜላ መቦርቦርን እጅግ አባባሰው።

ስለዚህ ጣፋጭ የሚሰጥ ከሆነ ከምሳ ወይም ከእራት ጋር ይሰጥ፣ ይብቃ። በመካከል ሲርበው ያልጣፈጠ ነገር ይብላ፤ ሲጠማው ውሃ ይጠጣ። ብስኩትና ቺፕስ ከረሜላ ባይሆኑም መንጋጋ ስንጥቅ ውስጥ ተለጥፈው ይቆያሉ።

ፍራፍሬ ወይስ ጁስ? ፍራፍሬው። ቤት የተጨመቀ ጁስም ቢሆን ስኳሩ ከፍሬው ወጥቶ ለብቻው ቀርቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከ1 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ጁስ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል።

ከሁሉ የሚከፋው ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ አልጋ ውስጥ ነው። ወተትም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ጥርስ ላይ ሲቆይ የላይ የፊት ጥርሶችን ይበላል። ጡጦ ሳይዝ አልተኛም ካለ ውሃ ይሁንበት። 1 ዓመት ከሞላው በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ኩባያ ማሻገር ነው።

ማስፈራራት፣ መሸለም ወይስ ማስለመድ?

«ካልታጠብክ ሐኪሙ መጥቶ ይነቅልሃል!» የሚለው ለአንድ ማታ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን የሕክምናውን ወንበር የሚፈራ ልጅ እናሳድጋለን፤ ፍርሃቱ ደግሞ ትልቅ ሰው እስኪሆን ሊከተለው ይችላል። እባካችሁ፣ ይህን ተዉት።

ሽልማት ጅማሬ ላይ ይረዳል፤ በየቀኑ ካርቶን ላይ የምትለጠፍ ኮከብ ለ4 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ናት። ከረሜላ ግን ሽልማት አይሁን።

የሚዘልቀው ልማድ ነው። ሰዓቱ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ቅደም ተከተሉ አንድ። ጥያቄውም «ትታጠባለህ?» ሳይሆን «በቀዩ ነው በሰማያዊው?» ይሁን። መታጠቡ ለድርድር አይቀርብም፣ ብሩሹ ይቀርባል። እናንተም አብራችሁ ታጠቡ፤ ልጅ የሚኮርጀው ያየውን ነው።

ቫርኒሽ ወይስ ሲላንት?

ሁለቱም በጥርስ ሐኪም የሚሠሩ ናቸው፣ ሁለቱም አያሙም፣ መርፌም የላቸውም። ቫርኒሽ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው ቅባት ነው፤ በዓመት ከ2 እስከ 4 ጊዜ ጥርሶቹ ላይ ይቀባል፣ ለሕፃናትም ይሆናል። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግምገማ የወተት ጥርስ መቦርቦርን በ37 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲላንት ደግሞ የቋሚ መንጋጋን ጥልቅ ስንጥቆች የሚደፍን ስስ ሽፋን ነው። አንዴ ከተሠራ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ጥርሱ በደንብ ወጥቶ መድረቅ ስላለበት ግን ጊዜውን ይጠብቃል። ለ3 ዓመት ልጅ ቫርኒሹን፣ መንጋጋው ለወጣለት የ7 ዓመት ልጅ ሲላንቱን ጠይቁ። የሚጋጩ ስላልሆኑ ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል።

የጥርስ ክር ሁለት ጥርሶች ሲነካኩ ይጀመራል፤ መያዣ ያለው ዓይነት ለወላጅ እጅ ይመቻል። የአፍ መጉመጥመጫ ከ6 ዓመት በታች አያስፈልግም።

መጀመሪያ መቼ እንሂድ?

የመጀመሪያው ጉብኝት 1 ዓመት ሳይሞላው ቢሆን ይመረጣል። እስኪያመው መጠበቅ ይቻላል፤ ግን ያኔ ልጁ ከሐኪሙ ጋር የሚተዋወቀው በሕመም ነው። ደህና ሆኖ የሄደ ልጅ ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ መስታወቱን ያያል፣ ይመለሳል።

በቤት ደግሞ በወር አንዴ የላይ ከንፈሩን በጣታችሁ ቀና አድርጉና ጥርሶቹን ብርሃን ላይ እዩ። ከድዱ አጠገብ ደብዛዛ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካያችሁ ማዕድን መሟጠጥ ጀምሯል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ በፍሎራይድና ስኳሩን በማራራቅ ሊገታ፣ ሊመለስም ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከጎደጎደ ግን በራሱ አይመለስም። ነጩን ስታዩ ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው እስኪደርስ ማታ ማታ ያንን ቦታ አትዝለሉት፤ ድዱ ትንሽ ቢደማም በለስላሳው ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ፤ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ፕላክ ስለተቀመጠበት ነው፣ ሲጸዳም በቀናት ውስጥ ይተዋል።